የውሃ ቀለም በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ

ጊዜውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስሉት። ለጽዳት 10 ደቂቃ፣ ለማሳያና ለዕቃ እደላ 10 ደቂቃ ሲወጣ ለመሳል የሚቀረው 20 ነው። ስለዚህ ለ1ኛ ክፍል አንድ ትልቅ ቅጠል ይበቃል፤ 4ኛ ክፍሎች በዚያው ርዕስ ጥላና በቅጠሉ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ይጨምሩበት።

ለአራት ልጆች አንድ ሰፊ መቀመጫ ያለው የውሃ ዕቃ ስጡ፣ ሲሶው ብቻ ይሞላ። ስም በእርሳስ ከወረቀቱ ጀርባ የሚጻፈው ውሃው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ቀለም ሲደባለቅ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አንድ ላይ ከተሰጡ ትንንሾቹ ሁሉንም ያቀላቅሉና ቡናማ ያገኛሉ። በአንድ ቀን ሁለት ቀለም ብቻ ይስጡ። አረንጓዴ ሲሠሩ ከቢጫው ጀምረው ሰማያዊውን በጠብታ ይጨምሩ፤ ሰማያዊ ኃይለኛ ስለሆነ በተቃራኒው ከተጀመረ ቢጫው ያልቃል። ቀጭን ወረቀት ደግሞ እርጥብ ሳለ ደጋግመው ሲፈትጉት ይላጣል፤ አንዴ ቀብተው እስኪደርቅ ይተዉት።

ብሩሽ መጨበጥ ለሚከብደው ልጅ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩለት፣ ወረቀቱንም ከጠረጴዛው ጋር በፕላስተር አያይዙት። እርጥበት ለሚረብሸው በሰም ከለር መጀመር ጥሩ ነው፤ ሰሙ ውሃን ስለሚገፋ መስመሩ ከላይ ቢቀባም አይጠፋም።

እባካችሁ የልጁን ሥዕል በእጃችሁ አታስተካክሉ። ማሳየት ካስፈለገ በሌላ ወረቀት ይሁን።

እርጥብ ሥራዎችን አትደራርቡ፣ ይጣበቃሉ።