አሮጌ ወርክስቴሽን ላይ ሊኑክስ ልጭን ብዬ ሶስት ቀን የበላኝ ነገር

አንድ መስሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ ጓደኛዬ "ዴል ፕሪሲዥን ቲ3500 አለ፣ ትወስደዋለህ?" ብሎ ደወለልኝ፣ እኔ ደግሞ እንዲህ አይነት ነገር ላይ እምቢ ማለት አልችልበትም። ዋጋውን አልናገርም። 2009 ላይ የወጣ ማሽን ነው፣ ውስጡ ዚዮን ደብሊው3550 የሚባል ፕሮሰሰር አለ፣ 4 ኮር 8 ትሬድ፣ ራሙ 12 ጊጋ፣ በዛ ላይ ብረቱ እንዳለ ብረት ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜው ስወጣ እናቴ በሩን ከፍታ አየችውና "ካዝና ነው እንዴ ያመጣኸው?" አለች።

ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ ማስነሻ) እና ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ይጠይቃል፣ ይሄ ያለው የድሮው ባዮስ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አላሰብኩም፣ ያኔ አዲሱ ዴቢያን 12 የሚባለው ሊኑክስ ነበር፣ እሱን ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጋር ልጭን ወሰንኩ።

መጀመሪያ ግን ጎኑን ስከፍተው አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ለሱ የሚሆን እቃ የለኝም፣ እንደገና ተሸክሜ ወርጄ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ሳቀ ግን ነፋልኝ። ሁለት ነገር ብቻ፣ አንደኛ ቱቦው ውስጥ ውሃ ስለሚኖር መጀመሪያ መሬት ላይ ይንፋው፣ ሁለተኛ ፋኑን በጣት ያዙት፣ አለበለዚያ በአየሩ ከልክ በላይ ይሽከረከርና ይበላሻል። ከዛ ራሞቹን አውጥቼ ጥርሳቸውን በላጲስ ጠረግኩ። ማዘርቦርዱ ራም የሚያነበው በሶስት ቻናል ስለሆነ ሶስት አንድ አይነት 4 ጊጋ ማድረጉ ይሻላል፣ እንዳጋጣሚ የኔ እንደዛው ነበር።

ፍላሹ ላይ አፍሬያለሁ። የዴቢያኑን መጫኛ ፋይል ዝም ብዬ ኮፒ ፔስት አደረግኩትና ኤፍ 12 (ከምን እንደሚነሳ መምረጫውን) እየተጫንኩ "ለምን አያየውም" እላለሁ። ኮፒ ማድረግ አይሰራም፣ እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው፣ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ዲዲ የሚለውን ምረጡ። ሲጭን ኢንተርኔት ለማይኖረው ሰው ደግሞ ኔትኢንስት የሚባለው ትንሹ መጫኛ አይሆንም፣ እሱ ቀሪውን በሙሉ ከኢንተርኔት ነው የሚጎትተው፣ እኔ ማታ በሌሊት ጥቅል ወደ 4 ጊጋ የሚጠጋውን ዲቪዲ አውርጄ ዴስክቶፑን ጨምሮ ያለ ኢንተርኔት ጫንኩት።

መጫኑ ራሱ ምንም አላስቸገረም፣ ቡና እስኪፈላ አለቀ ማለት ይቻላል። ሪስታርት ሲያደርግ ነው ስክሪኑ ተዝረክርኮ ድርቅ ያለው። ኳድሮ ኤፍኤክስ 1800 ነው የግራፊክስ ካርዱ፣ ለሱ የሚሆነው የኤንቪዲያ ድራይቨር 340 የሚባለው ነው፣ እሱን ደግሞ ካምፓኒው 2019 መጨረሻ ላይ ትቶታል፣ ዴቢያን 12 ውስጥም የለም። ሲነሳ በሚመጣው የግሩብ ሜኑ ላይ "ኢ" ተጭኜ ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት የሚል (የግራፊክስ ድራይቨሩን እንዲተወው) ጨመርኩና ኤፍ 10፣ ገባ፣ ግን ምስሉ ትልልቅ ሆኖ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን። ካርዱን አውጥቼ ያለ ካርድ ልሞክር ብል ይሄ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። በመጨረሻ ጓደኛዬ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠች ጂቲ 710 የምትባል ካርድ ሰጠኝ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ እንኳን አትፈልግም፣ ሰካኋት በቃ ተስተካከለ።

አሁን ወደ እውነተኛው ጉድ ልምጣ። ማሽኑ ዋይፋይ የለውም፣ ስልኬን በዩኤስቢ ሰክቼ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) አበራሁ፣ ወዲያው አወቀው፣ ደስ አለኝ። አፕት አፕዴት (የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ማደሻ ትእዛዝ) ስል መጀመሪያ ስለ ዲቪዲው ስህተት አወጣ፣ እሱ ቀላል ነው፣ ፕሮግራም ከየት እንደሚመጣ የሚጻፍበት ሶርስስ ዶት ሊስት ውስጥ ሲዲሮም የሚለውን መስመር አጥፍቶ የኢንተርኔቱን መስመር መጨመር ነው። ቀጥሎ ግን ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም፣ ከዚህን ያህል ሰዓት በኋላ ነው የሚሰራው የሚል ስህተት። ዳታው ነው ብዬ ጥቅል ልገዛ ወረድኩ፣ ተመልሼ ስሞክር ሰራ! እሺ አልኩ። በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ፣ ያው ስህተት፣ አሁን ደግሞ 6 ሰዓት ከምናምን ይቀራል ይላል። 6 ሰዓት ሲል እኔ ጭንቅላቴ የሄደው የኛና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት ጋ ነው፣ ታይም ዞኑን ተሳስቼ ነው ብዬ አዲስ አበባን ሁለቴ መረጥኩ። ስልኩን በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። በሶስተኛው ቀንም እንደዛው፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይስተካከላል፣ ሊያሳብደኝ።

ለካ መብራት በሄደ ቁጥር ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ይጽፍ ነበር፣ ሰዓቱ አልተሞላም የሚል፣ እኔ ሳላነበው ኤፍ 1 እየተጫንኩ አልፈዋለሁ! ባዮስ ስገባ ዓመቱ 2009 ይላል፣ በኛ አቆጣጠር ቢሆን እንኳ አልፎበታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ሞታለች። ሊኑክሱ ሲነሳ መጨረሻ ያስቀመጠው ሰዓት ላይ ይቆማል፣ መብራት የጠፋበትን ጊዜ አያውቅም፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ ከዛ በኋላ የተፈረመ ነው፣ ስለዚህ ከወደፊት የመጣ መስሎት አይቀበልም። ኢንተርኔት ካገኘ በኋላ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፣ እኔ ጥቅል ገዝቼ እስክመለስ ማለት ነው።

ባትሪዋን ይዤ ሰዓት ሰሪው ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩዋት።

"የመኪና ቁልፍ ነው?"

"አይ ጋሼ፣ የኮምፒውተር ነው።"

"ኮምፒውተርም ሰዓት አለው እንዴ ልጄ?" ብለው ሲአር2032 የሚል ከካርቶኑ ላይ ቆርሰው ሰጡኝ። 3 ቮልት ናት፣ የኔዋ በሳቸው መለኪያ 1 ቮልት እንኳ አልሞላችም።

ከዛ በኋላ አማርኛ መጻፊያውን አስተካከልኩ፣ አይባስ የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ጭኖ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚነበበው መምታት ነው፣ ይሄንንም የምጽፈው በሱ ነው። ቆጣሪው የካርድ ስለሆነ ሌሊት አጠፋዋለሁ፣ ፕሮሰሰሩ ብቻውን እስከ 130 ዋት የሚበላ ነው። ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ፣ ስሊፕ ከገባ በኋላ ስክሪኑ አይመለስም፣ ፋኑ ግን ይጮሃል፣ እናቴም ከሳሎን "ወፍጮ ቤቱን ዝጋልኝ" ትላለች።