ስሙ አንድ፣ ካርዱ ሁለት

የምሠራው ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነው። የኮምፒውተሮቹ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አንድ ሰሞን ከሥዕል ክፍሉ የማያባራ ቅሬታ ይመጣ ጀመር። ከመስኮቱ በኩል ያሉት ልጆች የሕንፃውን ሞዴል ስክሪን ላይ እንደፈለጉ ያዞሩታል፤ ከግድግዳው በኩል ያሉት ግን አንዴ ማውሱን ሲጎትቱ ሞዴሉ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም እያለ ያናድዳቸዋል። ኮምፒውተሮቹ ግን አንድ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ያው፣ ራሙ ያው፣ ፕሮግራሙ ያው። ግራፊክስ ካርዱም (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚሠራው ክፍል) ሁሉም ላይ ጂቲ 1030 የሚባለው፣ ሜሞሪው 2 ጊጋባይት የሆነ ነው።

መላ ምት እንደ ጉድ ጎረፈ። «ቫይረስ ነው» ያለ አለ (ምን ጊዜም የሚል ሰው አይጠፋም)። አለቃችን ደግሞ «ልጆቹ ሌላ ነገር ከፍተው ይሆናል» አሉ። አንዱ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «ና ቁጭ ብለህ እየው፣ ከዚህ ፕሮግራም ሌላ የከፈትኩት ነገር ካለ ንገረኝ» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ምንም አልከፈተም።

ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ከካርዱ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ሙቀቱንም አየሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ ቀላሉን ነገር አደረግኩ፤ ከመስኮት በኩል ካለው አንድ ኮምፒውተርና ከግድግዳው በኩል ካለው አንድ ኮምፒውተር ካርዶቹን ነቅዬ አቀያየርኳቸው። ችግሩ ካርዱን ተከትሎ ሄደ! ትናንት ፈጣን የነበረው ዛሬ ተንቀራፈፈ፣ ያኛው ነፍስ ዘራ። ቫይረሱም ልጆቹም ነፃ ወጡ።

የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር የሚያሳየው የካርዱን ስምና የሜሞሪውን መጠን ነው፣ በሁለቱም ላይ ያው ጂቲ 1030፣ ያው 2 ጊጋባይት። ስለዚህ ጂፒዩ-ዜድ የምትባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ጎን ለጎን አየኋቸው። የሜሞሪ ዓይነት የሚለው ቦታ ላይ አንደኛው ጂዲዲአር5 ይላል፣ ሌላኛው ዲዲአር4።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂቲ 1030 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ሜሞሪው ጂዲዲአር5 ነበር። በ2018 ደግሞ በዚያው ስም ዲዲአር4 የተገጠመለት ወጣ። ሁለቱም 384 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትናንሽ ክፍሎች) አላቸው። የኮሩ ከፍተኛ ፍጥነት በመጀመሪያው 1468 ሜጋኸርዝ ሲሆን በሁለተኛው 1379 ነው፤ ስድስት በመቶ ገደማ ልዩነት፣ በዓይን የሚታይ አይደለም። የኃይል ፍጆታቸው 30 እና 20 ዋት ነው፣ ሁለቱም ተጨማሪ ገመድ ሳይፈልጉ ከማዘርቦርዱ ብቻ ይሠራሉ። እስከዚህ ድረስ ላነበበ ሰው መንትያ ናቸው።

ልዩነቱ ያለው ባንድዊድዙ ላይ ነው፣ ማለትም ኮሩ በሴኮንድ ከሜሞሪው ስንት ዳታ ማመላለስ እንደሚችል። ስሌቱ አይከብድም፤ የሜሞሪ መስመሩን ስፋት በቢት ወስዶ በፍጥነቱ ማባዛትና፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ለ8 ማካፈል ነው። የሁለቱም ስፋት 64 ቢት ነው። ጂዲዲአር5ቱ በሴኮንድ በ6 ጊጋቢት ስለሚሄድ 48 ጊጋባይት በሴኮንድ ይወጣዋል። ዲዲአር4ቱ በ2.1 ስለሚሄድ 16.8 ብቻ። ከሲሶው ትንሽ ቢበልጥ ነው እንግዲህ። ኮሩ ደህና ጉልበት እያለው ዳታ እየጠበቀ ይቀመጣል።

ይህን ለግዥ ክፍሉ ኃላፊ ሳስረዳ አልተቀበለኝም። እሱም ጂፒዩ-ዜድን አይቶ «1502 እና 1050 ሜጋኸርዝ ነው የሚለው፣ ያን ያህል አይራራቁም» ብሎ ተከራከረኝ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ያታልላል። ጂዲዲአር5 በአንድ የሰዓት ምት አራት ጊዜ ዳታ ያስተላልፋል፣ ዲዲአር4 ሁለት ጊዜ። 1502 በ4 ሲባዛ 6008 ነው፣ 1050 በ2 ደግሞ 2100፤ ከላይ ያልኳቸው 6 እና 2.1 ጊጋቢት እነዚህ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል፣ እኔም አልፈርድበትም፤ ሻጩ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጽፍለት 2 ጊጋባይት የሚለውን ነው።

ለምን እዚህ ቢሮ ጎልቶ ታየ? ትላልቅ ፎርኬ ስክሪኖች ስላሉን ይመስለኛል። አንድ ፎርኬ ስክሪን 3840 በ2160 ፒክስል ነው፣ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ብንይዝ አንዱ ምስል 33 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ ሥዕሉን አንብቦ ወደ ስክሪኑ ለመላክ ብቻ 2 ጊጋባይት ይሄዳል። ከ48 ላይ 2 መቀነስ ምንም አይደል፣ ከ16.8 ላይ ግን አንድ ስምንተኛው ገና ሥራ ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ሞዴሉ ሲዞር ደግሞ ቴክስቸር (የሞዴሉን ገጽ የሚያለብሰውን ሥዕል) ማንበቡ፣ የጥልቀት መረጃ መጻፉ፣ ጠርዝ ማለስለሱ ሁሉም ከዚያችው ይቆረሳል።

ሻጩ ካርዶቹን አልመልስም አለ። የግዥ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ጂቲ 1030፣ 2 ጊጋባይት» ነው፣ እሱም ያመጣው ያንኑ ነው፣ በምን ትከሰዋለህ? ዘገምተኞቹን ካርዶች ወደ ሂሳብ ክፍል አዛወርናቸው። እዚያ ኤክሴልና ኢሜይል ነው፣ ማንም ልዩነት አላየም፣ ቅሬታም አልመጣም። (ስክሪን መቅዳት የሚፈልግ ካለ ግን ሁለቱም አይሆኑትም፤ ጂቲ 1030 ቪዲዮ የሚያሳይበት እንጂ የሚቀርጽበት የራሱ ክፍል የለውም፣ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።)

የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ከዚያ ወዲህ ባንድዊድዝን እንደ ጸሎት ይዞታል። ለሥዕል ክፍሉ ያገለገሉ ጂቲኤክስ 1060 ካርዶች ሲቀርቡለት ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይቱን አነጻጽሮ እየሮጠ መጣ። «ሁለቱም 192 ጊጋባይት በሴኮንድ ናቸው፣ ስለዚህ ርካሹን እንግዛ» አለ። እዚህኛው ላይ ባንድዊድዙ በእርግጥ እኩል ነው። የተቀነሰው ሌላ ቦታ ነው፤ ባለ 6ቱ 1280 ኮር ሲኖረው ባለ 3ቱ 1152 ነው ያለው፣ የሜሞሪው ግማሽ መሆን ሳይቆጠር። የእኛ ትላልቅ ሞዴሎች ደግሞ ከ3 ጊጋባይት ሲያልፉ ትርፉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል፣ ያ መንገድ ከካርዱ ሜሞሪ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ትንሽ አጉረመረመ፣ ወረቀቱ ላይ የኮሩን ቁጥርና የሜሞሪውን ዓይነት አስጻፍኩት፣ ባለ 6ቱን ገዛን።