ፀሐይ የሚመታው ክፍል

ባሕር ዳር ውስጥ ለምርምር የሚውሉ ነጭ አይጦችን እያራባሁ ነው የምኖረው። የባህል መድኃኒት ተክሎችን የሚያጠኑ ተማሪዎች ለሙከራቸው ከእኛ ይወስዳሉ። ሁለት ክፍል አለን፦ አንዱ ወደ ጣና በኩል፣ በማንጎ ጥላ ሥር ያለ ቀዝቃዛ ክፍል፤ ሌላው ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው።

መጋቢት ላይ የመኖ መዝገቡን ሳገላብጥ የፀሐዩ ክፍል አይጦች ከሌሎቹ ያነሰ ሲበሉ አየሁ። አልከሱም፣ ፀጉራቸውም ያበራል። መኖውን የሚመዝኑት ለብዙ ዓመት እዚህ የሠሩት ጋሼ ናቸው። ምንም ሳልጠይቃቸው «የሚዛን አነባበብ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ ላይ የቀዝቃዛው ክፍል ቧንቧ ፈነዳና ዓርብ ዕለት አይጦቹን ከነኬጃቸው ወደ ፀሐዩ ክፍል አዛወርኳቸው። ቅዳሜ ረፋድ መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩም ቆመ። ጋሼ ደውለውልኝ ስምንት ሰዓት ላይ ስደርስ ቴርሞሜትሩ 36 ዲግሪ ይላል።

የክፍሉ ነባር አይጦች ሰጋቱራውን ገለል አድርገው፣ ሆዳቸውን ወለሉ ላይ ለጥፈው፣ ጅራታቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። አዲስ ገቢዎቹ ግን አንገታቸውና ደረታቸው በምራቅ ርሷል። አይጥ እንደ እኛ በላብ አትቀዘቅዝም፣ እንደ ውሻም አታለከልክም። የሚመቻት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በጅራቷ ሙቀት ትለቃለች፤ አየሩ ወደ ሰውነቷ ሙቀት፣ ወደ 37 ሲጠጋ ግን ጅራቷም ብዙ አያግዛትም፣ ያላት ምራቋን ፀጉሯ ላይ መቀባት ብቻ ነው። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ ትግላለች።

አንዲት አራስ ልጆቿን ትታ ጥግ ላይ ተዘርግታለች። አንስቼ ልጆቿ ላይ መለስኳት። ወረደች። ሦስት ጊዜ መለስኳት።

«ተይ ልጄ፣» አሉኝ ጋሼ፤ «ጠልታቸው አይደለም የሄደችው። ነፋስ ፈልጋ ነው።»

አልሰማኋቸውም። ኬጆቹን አንድ በአንድ ወደ ማንጎው ጥላ ተሸክመን ስናወጣ ያቺ እናት በመንገድ ላይ ሞተች። እጄ ላይ ሰውነቷ ገና ትኩስ ነበር።

እሳቸው ያሉት ልክ ነበር። የምታጠባ አይጥ ከወትሮዋ ሦስት እጥፍ ያህል ትበላለች፤ ያን ሁሉ ምግብ ወተት ስታደርገው ሰውነቷ ውስጥ ምድጃ ይነዳል። ልጆቿ ከሥሯ ሲያሞቋት ደግሞ ግለቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ትታቸው ትሄድና ቀዝቀዝ ስትል ትመለሳለች። እኔ ያንን መንገድ ነው የዘጋሁባት።

የነባሮቹም ምስጢር ይኸው ምድጃ ነው። ምግብ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ይወልዳል። ሳምንታት በሙቀት የቆየ እንስሳ የሰውነትን ምድጃ የሚያፋፍመውን የታይሮይድ ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ በብርድ ጊዜ የሚነደው ቡናማ ስቡም ይሟሽሻል፣ አበላሉ ያንሳል። ሜታቦሊዝሙ፣ ማለትም ሰውነቱ ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበት ፍጥነት፣ ዝቅ ስላለ ከውስጥ የሚነሳው ሙቀት ጥቂት ነው። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ለአዲሶቹ የሰጠኋቸው አንድ ሌሊት ነው። በመዝገቡ ላይ ስህተት ያልኩት የመኖ ማነስ እንግዲህ የጤና ምልክት ኖሯል።

ወላጅ አልባዎቹን ሕፃናት ጋሼ ከአንዲት ነባር እናት ኬጅ ባመጡት ሰጋቱራ በቀስታ አሹአቸው፣ የእሷን ሽታ እንዲይዙ። ከልጆቿ መካከል አስገቧቸው። አሸተተቻቸው፣ ላሰቻቸው፣ ትንሽ ቆይታም ላያቸው ላይ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ይዤ ጋሼ ፊት ቆምኩ። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እያዩ ሰርዤ ፈረምኩበት። «እኔ ሚዛኑን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የማነበው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

አሁን ከክፍል ወደ ክፍል የምናዛውረው ቀስ በቀስ ነው፣ አራሶችን ጭራሽ አንነካም። በሙቀት ያደገ አይጥ ጅራቱ እንደሚረዝም ካወቅሁ ወዲህ ማስመሪያ ኪሴ አይጠፋም። እነዚያን ልጆች ጡት ከጣሉ በኋላ እኔ እየያዝኩ ጋሼ ለኳቸው። ቁጥሩን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ በቀዝቃዛው ክፍል ካደጉት የእናታቸው የቀድሞ ልጆች ይረዝማል።