ፍግ የነፈግሁት መደብ

እናቴ የገበሬ ልጅ ናት። አፈርን ሳያበሉ ከአፈር መጠበቅ ለእሷ ነውር ነው። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ 3 በ4 ሜትር ከምትሆን ቦታ ላይ ጥቁሩን አፈር እየገፈፍኩ ወደ አትክልቱ መደብ ሳግዝ ስታየኝ፣ «ልጄ፣ ደህና ነህ ግን?» አለችኝ።

ደህና ነበርኩ። ከዚያ በፊት ግን አንዴ ተሞኝቻለሁ። ያው ቦታ ላይ የመስክ አበባ ዘር ዘርቼ መደቡን በፍግ አጥግቤው ነበር። ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ፤ አበባ ግን ቢበዛ አራት ራስ ብቻ ነው። እነዚህ አበቦች በከሳ መሬት መኖር የለመዱ ናቸው። አፈሩ ሲደልብ ሣሩ ይፋፋና ብርሃኑን ይነሳቸዋል።

በሁለተኛው ሙከራ ዘሩን ትቼ፣ አበባና ሣሩ አብረው በቅለው፣ ሥራቸው እንደ ምንጣፍ ተሳስሮ በጥቅል የሚመጣውን ያዝኩ። 10 ሴንቲሜትር ያህል ገፈፍኩ። ሰርዶውን እየተከተልኩ ለቀምኩት፤ አንዲት አንጓ ከቀረች ምንጣፉን በስታ ትወጣለች። ከዚያ ማስተካከል፣ ጠቅጠቅ ማድረግ፣ ማራስ ነው።

ከ12ቱ ጥቅል አሥሩን እንዳነጠፍኩ ወገቤ እምቢ አለ። የቀሩትን ሁለት ጥላ ሥር አስቀምጬ በሦስተኛው ቀን ስፈታቸው መሃላቸው ይሞቃል፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ሽታው የታፈነ ድርቆሽ ነው። አንዱ ከብዙ ውሃ በኋላ ነፍስ ዘራ። ሌላው ያለበት ቦታ እስከ ዓመቱ ራሰ በራ ሆኖ ቆየ። በመጣበት ቀን ይነጠፍ የሚሉት ለካ በምክንያት ነው።

አነጣጠፉ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ጫፍ ለጫፍ ይጠጋጋል እንጂ አይለጠጥም፤ የተለጠጠ ሲደርቅ ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል። መጋጠሚያዎቹንም ግንበኛ ብሎኬት እንደሚያፈራርቀው ማፈራረቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። በየጠዋቱ አንዷን ጥግ በጣቴ ቀስ አድርጌ አነሳ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጨርቅ ትነሳለች። ቆይቶ ከሥሯ ክር የመሰሉ ነጫጭ ሥሮች አፈሩን ሲቆነጥጡ አየሁ። በ18ኛው ቀን ሳብ ባደርጋት እምቢ አለችኝ። እምቢታ እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ከተያዘ ወዲያ ሥራው ትንሽ ነው፤ ከባዱ እጅን መሰብሰብ ነው። ማዳበሪያ የለም። ቱልትና ኮሸሽላ ብቅ ካሉ በእጅ መንቀል ነው። አጨዳው በዓመት አንዴ፣ አበባው ዘሩን ከቋጠረ በኋላ ነው። ያጨድኩትን ዘሩ እንዲራገፍ ሦስት አራት ቀን እዚያው አደርቀውና ጠርጌ አወጣዋለሁ። እዚያው ከበሰበሰ በጓሮ በር ፍግ አስገባሁ ማለት ነው።

ከሁሉ የምወዳት «የሎው ራትል» የምትባለዋን አበባ ነው። ሥሯን ከሣሩ ሥር ላይ ትሰካና ምግቡን ትሻማዋለች፤ ሣሩ ሲዳከም ለሌሎቹ አበቦች ቦታ ይገኛል። ሌባ ናት፤ ግን የኔ ሌባ ናት። የምትኖረው አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ዘሯን ሳትጥል ከታጨደች በሚቀጥለው ዓመት አትገኝም። ስለዚህ ከማጨዴ በፊት የደረቀውን ከረጢቷን በጣቴ መታ አደርጋለሁ። ውስጡ ኮሽ ኮሽ ካለ ደርሷል።

ጎረቤቶች «ይህን ሣር መቼ ነው የምታጭደው?» ሲሉኝ ከርመው፣ ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል አሳጥሬ ባጭደው ጥያቄው ቆመ። ጠርዙ ሲስተካከል መሃሉም ታስቦበት የተተወ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት በስተግድግዳው በኩል አንዲት ጥግ ለብቻዋ ጥቁር አረንጓዴ ሆና፣ ሣሯ ከሌላው አንድ ስንዝር በልጦ አገኘሁት። እናቴን ጠየቅኳት።

«ትንሽ ነው የጣልኩላት» አለች፣ ዞር ብላ። «አሳዘነችኝ።»