የሮክ ሶሎን በባቲ ጆሮ

ከመስከረም ወዲህ የጊታር ልምምዴ ሁሉ ቤንድ (ክሩን በጣት ስቦ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ላይ ነው፤ ፍጥነቱን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። ሜታል የምንወድ ሰዎች ጊታር እንደያዝን የምንሮጠው ወደ ፍጥነት ነው። እኔ ግን የምወዳቸውን ሶሎዎች (ጊታሩ ዜማውን ብቻውን የሚይዝባቸውን ክፍሎች) አንድ በአንድ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ፣ ልቤን የሚይዙት ቦታዎች አንድ ክር ተስቦ ከላይኛው ድምፅ ጋር የሚገናኝባቸው ሆነው አገኘኋቸው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ነገሩን ያቀለለልኝ አንድ ግንዛቤ ነው። አብዛኛው የሮክ ሶሎ የቆመበት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (የድምፆች መሰላል) እና የእኛ ባቲ ማይነር ቅኝት በድምፅ አንድ ናቸው። ከኤ ድምፅ ብትነሱ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፤ ማለትም ሁላችንም መጀመሪያ 5ኛው ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፋፍለው ብረት) ላይ የምንማረው ቅርጽ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስኬሉን ላይ ታች ማመላለሱን ቀነስኩና በባቲ የተዘፈኑ ዜማዎችን በጊታር ማውጣት ጀመርኩ። ዜማውን ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ቤንዱ ትንሽ ሲጎድል ማንም ሳይነግረኝ ይሰማኛል።

ቤንዱን የምለማመደው እንዲህ ነው። መጀመሪያ 2ኛውን ክር 5ኛው ፍሬት ላይ እመታለሁ፤ ኢ ነው፣ የምደርስበት ድምፅ። እሱን በአፌ አዜመዋለሁ። ከዚያ 3ኛውን ክር 7ኛው ፍሬት ላይ በቀለበት ጣት ይዤ፣ መሃል ጣትና አመልካች ጣት ከኋላ እየደገፉት ከዲ ወደ ኢ እስቤ አወጣዋለሁ። ጉልበቱ ከጣት መምጣት የለበትም፤ አውራ ጣት ከአንገቱ በላይ ይያዝና የእጅ አንጓ ይዙር። ድምፁ ቦታው ሲደርስ ትንሽ ይቆይ፣ ቪብራቶው (ድምፁን ማንቀጥቀጡ) ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሳይደርስ የተንቀጠቀጠ ቤንድ ድምፁ የተሳሳተ ሆኖ ነው የሚሰማው፣ በተለይ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሻካራ የሚያደርገው) ሲኖር።

እዚህ ደብረ ብርሃን ጠጅ ቤት የሚጫወት ማሲንቆ መቺ ቀርባችሁ ጣቱን እዩት። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ የፈረስ ጭራው ክር አንድ ነው፣ ጣቱም ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው ብቻ ነው። ደግሞ ግጥሙን ሲል ማሲንቆው ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው ይመልስለታል። ሶሎ ሲጫወቱ ትንፋሽ የመተው ነገር ለእኔ የገባኝ እዚያ ነው። አሁን አንድ ሐረግ ስጫወት አየር አስወጣለሁ፣ አየሬ ሲያልቅ እጄም ያቆማል።

በዚህ ጆሮ ዴቪድ ጊልሞርን ስሙት። የፒንክ ፍሎይድ «ኮምፎርተብሊ ነም» (1979 እ.ኤ.አ.) የመጨረሻው ሶሎ በቢ ማይነር ነው፤ አብዛኛው በዚያው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ይሄዳል። ጊልሞር ደጋግሞ ቀድቶ፣ ከቀዳቸው ውስጥ ምርጥ ምርጡን ቀጣጥሎ ነው ሶሎውን የሠራው። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ለመያዝ አትጨነቁ፤ አራት አራት ሜዠር (የምት ክፍል) ቆርጣችሁ ያዙት። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ግማሽ ስታደርጉት ቅኝቱ አይለወጥም፣ ይሄ ብዙ ያግዛል።

«ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» (1971) ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። የሌድ ዘፕሊኑ ጂሚ ፔጅ በቴሌካስተር ጊታር የተጫወተው ሶሎ በኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሄድና ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ወደ ኤፍ ሲዞር የኤፍን ድምፅ ይጨምርበታል። ያ ድምፅ ባቲ ማይነር ውስጥ የለም፣ ትዝታ ማይነር ውስጥ ግን አለ። ያን ቦታ ስሰማ ሆዴን የሚበላኝ ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

የሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» (1986) መሃሉ ላይ ያለውን ለስላሳ ሶሎ የተጫወተው ጄምስ ሄትፊልድ ነው፤ ፈጣኑ የኪርክ ሃሜት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ከሄትፊልዱ ጀምሩ። የኤዲ ቫን ሄለን «ኢራፕሽን» (1978) ታፒንግ (በቀኝ እጅ ጣት ፍሬት ላይ መምታት) ለጊዜው ይቆየኝ፤ ቀኝ እጅ ፍሬት ላይ ሲወጣ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች ዝም ማሰኘት አለበት፣ እኔ ያን ገና እያጠናከርኩ ነው።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እዚህ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የምር ነው። ብረት ክር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ድምፁ ይወጣል፣ በእጅ ሲሞቅ ይወርዳል። ጠዋት ሳትጫወቱ የቃኛችሁት ጊታር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቅኝቱ የሚሸሸው ለዚህ ነው። መጀመሪያ እጃችሁን አሙቁ፣ ትንሽ ተጫወቱ፣ ከዚያ ቃኙ። ክር ደግሞ ቀጭኑን፣ ባለ 0.009 ኢንቹን እመክራለሁ። መብራት ሲጠፋ ያለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) መለማመድም ጥሩ ነው፤ የፒኩ (የክር መምቻው) ምት እኩል አለመሆኑ በደንብ የሚሰማው ያኔ ነው።

ክር ስናነሳ የብላክ ሳባቱን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን አለመጥቀስ አይቻልም። በበርሚንግሃም ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት፤ ግራኝ ስለሆነ ፍሬት የሚይዝበት እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ፣ በኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘ። የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም (1970) የሚከፈትበት ያ ከባድ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የጊታር ሐረግ) በጂና በሲ ሻርፕ መካከል ባለው ርቀት፣ በትራይቶን፣ የቆመ ነው። ሜታል ከዚያ ወዲህ ያን ርቀት አልለቀቀም።

አንቺሆዬ ቅኝትን ከኢ ብትነሱ የምታገኙት ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ነው። ከኢ እስከ ቢ ፍላት ያው ትራይቶን ነው! አሁን የያዝኩት ሥራ ይሄ ነው፤ 6ኛው ክር ክፍቱንና 1ኛው ፍሬት፣ 5ኛው ክር ክፍቱን፣ 1ኛውንና 4ኛውን ፍሬት፣ በቀኝ መዳፍ ታፍኖ ወደ ታች ብቻ እየተመታ፣ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂው) በደቂቃ 80 ላይ። ሪፉ ቆሟል። በላዩ የሚሄደውን ሶሎ ግን በባቲ ልሥራው ወይስ እዚያው አንቺሆዬ ላይ ልቆይ አልወሰንኩም፤ ሞክራችሁ ያያችሁ ካላችሁ ድምፁን ቀድታችሁ ላኩልኝ።