ሀጊቢስ ቶኪዮ የገባ ዕለት

ያን ቅዳሜ መገኘት የነበረብኝ ሀኮኔ ነበር። ሀኮኔ ከቶኪዮ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች፣ በፍል ውሃዋ የታወቀች ተራራማ ከተማ ናት። ሰኞ በዓል ስለሆነ ሦስት ቀን እረፍት ነበረን። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ትንሽ ማረፊያ ይዤ፣ 18,000 የን ከፍዬ፣ ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩት። በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ቴሌቪዥኑ ሁሉ 19ኛው ታይፎን እየመጣ ነው ማለት ጀመረ። ታይፎን ከባሕር የሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ ነው፤ ጃፓኖች በቁጥር ነው የሚጠሩት። ሌላው ዓለም የሚያውቀው ሀጊቢስ ብሎ ነው። ስሙን ያወጣችው ፊሊፒንስ ናት፤ ትርጉሙ ፍጥነት ነው።

ሐሙስ ማረፊያው ጋ ደወልኩ። ባቡር ሊቆም ነው እየተባለ ነው፣ በምን ልምጣ አልኳቸው። የሚያነጋግሩኝ ሴትዮ ትሁት ናቸው፤ ይቅርታቸው ማለቂያ የለውም። ግማሹን፣ 9,000 የኑን፣ ግን አንመልስም አሉ። በጣም ተናደድኩ። በተማሪ አቅም 9,000 የን የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነው። ስልኩን ዘግቼ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም።

የምኖረው ዮትሱጊ ነው፤ ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ወረዳ። ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ የሚኖረው በዚህ አካባቢ ነው። እንጀራ ሲያምረኝ በእግሬ ነው የምሄደው። ሰፈሬን እወደዋለሁ። ምን ያህል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ የገባኝ ግን በዚያ ሳምንት ነው። ድሮ ፋብሪካዎቹ የከርሰ ምድር ውሃውን ሲስቡት መሬቱ ቀስ በቀስ ሰመጠ። አጠገባችን አራካዋ ወንዝ አለ። በሰው እጅ የተቆፈረ ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ከተማዋን ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ ታስቦ፣ በ1930 አለቀ። ወንዙን የሚሻገረው የባቡር ድልድይም ከመሬቱ ጋር አብሮ ወርዷል። አሁን ከግራና ቀኝ ካለው የአፈር ግድብ አናት ዝቅ ብሎ ይታያል። በየቀኑ በላዩ ስመላለስ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ዓርብ ሱፐርማርኬት ስገባ የዳቦ መደርደሪያው ባዶ ነው። ውሃ የለም፣ ባትሪ የለም። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ካለቀ ቆይቷል። ሰዉ በከንቱ አልተሯሯጠም። ከወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 9፣ ሌላ ታይፎን ጎረቤታችንን ቺባን መትቶ ከ900,000 በላይ ቤት መብራት ጠፍቶበት ነበር። ቤቴ ሽሮና እናቴ የላከችልኝ ዳቦ ቆሎ አለ። ያን ቆጥሬ ሙዝ ብቻ ገዝቼ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ ስልኬ መጮህ ጀመረ። የታይፎን ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ የኖቤል የሰላም ሽልማት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ መሰጠቱ የተነገረው በዚያች ሰዓት ነው። ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ሌላ ወሬ የለውም። እናቴም ደወለች። ስለ ታይፎኑ ስነግራት «ዝናብ ነው አይደል? በይ ጃንጥላሽን ያዢ» አለችኝ። አዎ እማ፣ ዝናብ ነው አልኳት። እንቅልፍ እንዳታጣ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በእኛ ጥቅምት 1 ቀን 2012፣ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። 4 ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ኦባቻን ናቸው። ኦባቻን ማለት አያቴ እንደማለት ነው፤ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ጨርሰዋል። ሳልጋብዛቸው በረንዳዬ ድረስ አለፉና የልብስ ማስጫ ዘንጌን አውርደው ወለሉ ላይ አስተኙት። ነፋስ ካነሳው የሰው መስኮት ይሰብራል አሉ። ብስክሌቴንም አስተኛነው። የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ አስሞሉኝ። ከዚያ ፓስፖርትሽን በፕላስቲክ ጠቅልዪና እንሂድ አሉኝ። እኔ ገና መዘጋጀት ያለበት ነገር መኖሩንም አላሰብኩም ነበር።

የሄድነው መጠለያ ወደሆነው የሰፈር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ቀጭን ብርድ ልብስ ሰጡንና ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ገባን። ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ተሰቅሏል። በር ላይ ስምና አድራሻ በፎርም አስሞልተውናል። የእኔን ኦባቻን ጻፉልኝ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከሁሉ የከፋው ማስጠንቀቂያ፣ ደረጃ 5 የሚሉት፣ ታወጀ። በክፍሉ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሕፃናት አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ጽሑፉን ማንበብ አለመቻሌ አንገበገበኝ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ጃፓንኛ ምግብ ለማዘዝ ይበቃል፤ እንዲህ ላለ ቀን አይበቃም። ኦባቻን እያንዳንዱን ቃል በቀላል ቋንቋ እየፈቱ ነገሩኝ።

12 ሰዓት ከ20 ገደማ ወለሉ ከሥሬ ተንቀሳቀሰ። ነፋሱ ነው ብዬ ነበር። ኦባቻን እጄን ያዙና «መሬት ነው» አሉኝ። ከቺባ ባሕር ላይ የተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በዚያ ዝናብና ነፋስ ላይ! ቤተሰቤን፣ ቤቴን፣ መርካቶን ሳይቀር አሰብኩ። ብዙም ሳይቆይ ታይፎኑ ኢዙ ልሳነ ምድር ላይ የብሱን ረገጠ ተባለ። ቀጥታ ወደ እኛ ነው።

ነፋሱን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። የክረምት ነጎድጓድ ለምጄ ነው ያደግኩት፤ እሱ ይጮህና ያልፋል። ይሄ አያልፍም። ትልቅ መኪና በመስኮቱ ሥር ሞተሩን አስነስቶ ለሰዓታት የቆመ ይመስላል። መስታወቱ ይተነፍሳል፤ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወደ ውጭ ወጣ ሲል በዓይኔ አየሁት።

ኦባቻን ጫማቸውን በፌስታል ቋጥረው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ለምን ወለሉ ላይ አያስቀምጡትም ስላቸው ታሪኩን ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1947 ካትሊን የተባለ ታይፎን መጣ። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ናቸው። ዝናቡ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰዉ ተረፍን ብሎ ነበር። የቶኔ ወንዝ ግድብ ከእኛ በላይ፣ ራቅ ብሎ ተሰብሮ ኖሮ ውሃው ከቀናት በኋላ ካትሱሺካ ደረሰ። ጣሪያ ላይ ነው ያደሩት። ሲወርዱ ጫማቸው የለም። በዚያ ታይፎን በመላ አገሪቱ ከ1,000 በላይ ሰው ሞቷል።

ዳቦ ቆሎውን አወጣሁና በመዳፋቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። አንዷን ፍሬ አንስተው በስልኩ ብርሃን ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ቀመሱ። እናቴ የሠራችው ነው አልኳቸው። የቀረውን አልበሉትም፤ ነጭ መሐረብ አውጥተው ቋጠሩት። ለእኔ በባሕር አረም የተጠቀለለ የሩዝ ድብልብል ሰጡኝ። እስኪነጋ በላሁት የምለው እሱን ብቻ ነው።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ነፋሱ በድንገት ጸጥ አለ። አንድ ሰው መስኮት ከፈተ። ሙሉ ለመሆን ጥቂት የቀራት ጨረቃ ወጥታለች። ሰዎች ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔም ተነሳሁ። ኦባቻን «ቁጭ በዪ፣ ውሃ ኋላ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም፤ ጎኔ በወለሉ ቆስሎ፣ የሚያንኮራፋውን እየሰማሁ አነጋሁት።

እውነታቸውን ነበር። እሑድ ጠዋት ሰማዩ እንደ መስቀል ሰሞን ጠርቶ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ አራካዋ ገና እየጨመረ ነበር። ከላይ ከቺቺቡ ተራሮች የወረደው ዝናብ እኛ ጋ የሚደርሰው ያኔ ነው። ግድቡ ላይ ወጣን። የእግር ኳስ ሜዳዎቹ የሉም። የጎል አግዳሚ ብቻ ከቡናማው ውሃ በላይ ይታያል። ሥሩ የተነቀለ ዛፍ በድልድዩ ሥር በፍጥነት አለፈ። ረፋዱ ላይ ኢዋቡቺ ከተባለው መለኪያ ጋ ውሃው 7 ነጥብ 17 ሜትር ደረሰ። አደገኛ ከተባለው ልክ የቀረው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ቆመ። ኦባቻን ወደ ወንዙ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ሌላው ቦታ እንደኛ አልቀናውም። ናጋኖ ላይ የቺኩማ ወንዝ ግድቡን ሰብሮ 10 ፈጣን ባቡሮች በቆሙበት ውሃ ውስጥ ገቡ። በጠቅላላው ከ90 በላይ ሰው ሞተ። ሀኮኔ በአንድ ቀን 922 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ዘነበባት፤ በጃፓን የአንድ ቀን ክብረ ወሰን ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ከ1,100 እስከ 1,200 ቢሆን ነው። ወደ ማረፊያዬ ይወስደኝ የነበረው የተራራ ባቡር ሐዲዱ ተጠርጎ ሥራ የጀመረው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ሴትዮዋን ደውዬ ደህና ናችሁ ወይ አልኳቸው። ስለ 9,000 የኑ አላነሳሁም።

እስካሁን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዕለት እዚያው ቶኪዮ፣ ታይቶ ወረዳ ላይ መጠለያ የመጡ ጎዳና አዳሪዎች አድራሻ የላችሁም ተብለው ተመልሰዋል። ከንቲባው በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ የገባሁት ኦባቻን በፎርም ላይ በጻፉልኝ አንድ መስመር አድራሻ ነው። እኛ አገር «የመሸበት እንግዳ» ያለን ሰው ማንም ቤትህ የት ነው ብሎ አይጠይቀውም። ያን ነፋስ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ነፋስ ውስጥ በር ተዘግቶበት የቆመውን ሰው አሁንም አስበዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦባቻን መሐረቡን አጥበው፣ ተኩሰው አመጡልኝ። ባዶ ነው። «ያ የእናትሽ ነገር አለቀ» አሉኝ። ማታ ለእናቴ ደወልኩና ዳቦ ቆሎ ስትልኪ ሁለት ኪሎ አድርጊው፣ አንዱ የኔ አይደለም አልኳት።