ያበላል ወይ?

«በፒያኖ እንዴት ነው የምትኖረው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። የጾሙን ካላንደር እይ እለዋለሁ። ጥር ሰርግ ነው፤ ሙሽሮች አዳራሽ ሲገቡ ለስለስ ያለ ነገር ይፈልጋሉ። ሁዳዴ ሲያዝ ስልኬ ጭጭ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይነሳል። መሃሉን የምሸፍነው ቤት ለቤት በማስተማር ነው፤ አልፎ አልፎም ሆቴል ሎቢ እጫወታለሁ። ሎቢ ውስጥ የፈረንጁን የሾፓንን የፒያኖ ሥራ ስጫወት ማንም ልብ አይልም። ትዝታ ስጀምር ግን ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ሳይቀር ቀና ይላል። አልቀየመውም።

ክረምት የራሱ ጣጣ አለው። ፒያኖዬን ያገኘሁት ፒያሳ ከነበረ አሮጌ ቤት ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ባለቤቶቹ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ፒያኖ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ከየት ይምጣ? በርካሽ ለቀቁልኝ። ሐምሌ ላይ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። መሃል ላይ ያለችው ሶል የምትባለው ቁልፍ ስትነካ ገብታ ትቀራለች፤ በጥፍሬ ቆንጥሬ ነው የማወጣት። በጋ ሲመጣ ደግሞ ይደርቅና ቅኝቱ ይወርዳል። ወደ 230 የሚጠጉ ክሮች አሉት፤ ሁሉም በየተራ ይቃኛሉ። ይህን የሚችሉ ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው።

ሰሞኑን ከአንዲት ተማሪዬ ጋር የፒያኖ ተጫዋቿንና የዜማ ደራሲዋን መነኩሲት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አንድ ሥራ ጀምረናል። ቤቷ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ብዙም አይርቅም። የእማሆይ እህት ስንዱ ገብሩ እዚያ ርዕሰ መምህርት እንደነበሩ ነገርኳት። ምንም አልመሰላት። የ14 ዓመት ልጅን ምን ይገርማታል?

ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ከፍቼ «በዚህ ሂጂ» አልኳት። ሁለት መስመር ሳንደርስ እሷና ሜትሮኖሙ ተለያዩ። የእማሆይ ቀኝ እጅ እንደ ማሕሌት ዜማ ደስ ባለው ቦታ ይረዝማል። ግራው ዋልዝ፣ ማለትም ባለ ሦስት ምት የፈረንጅ ዳንስ፣ ሊሄድ ይነሳና ቆሞ ይጠብቀዋል። «መምህር፣ ስንት ነው የምቆጥረው?» አለችኝ። ሜትሮኖሙን ዘጋሁትና መጀመሪያ በአፏ እንድታዜመው አደረግኩ። ቀጥሎ በጣቷ ሞከረችው። ተሻለ።

የእማሆይን ሕይወት የሚያወራ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይተክዛል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡና ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ከነቤተሰባቸው ጣሊያን አገር ወዳለችው አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ውስጥ ፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንትሮቪች ሙዚቃ አስተማራቸው። ከዚያ ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል መጣ፤ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። በሐዘን እህል አልቀምስም እስከማለት ደረሱ። ተራኪው እዚህ ጋ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ምን ያለች ፒያኒስት አጣን!»

ይሄ ወሬ አይጥመኝም። ክልከላው ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ለንደን ቢሄዱ ጥሩ የሞዛርት ተጫዋች ይሆኑ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሞልቷል። በ21 ዓመታቸው ግሸን ማርያም መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በኋላ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። ያ ቀኝ እጅ፣ በእኔ ጆሮ፣ የዚያ ትምህርት ልጅ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሲያስቀርጹ ሐሳባቸው ለችግረኛ ልጆች ገንዘብ ማግኘት ነበር። የውጭው ዓለም በደንብ ያወቃቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 21ኛውን አልበም በእሳቸው ሥራዎች ሲያወጣ ነው። ያኔ 82 ዓመታቸው ነበር፤ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ። እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ ኖረው በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሙያ ዘግይቶም ይመጣል ማለት ነው፤ ለቤት ኪራይ ግን አይደርስም።

ኪራይ ስል፣ ቅዳሜ የልጅቷ አባት እስከ በር ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ እስቲ፤ ይሄ ነገር ያበላል ወይ?» አሉኝ። እማሆይን ልጠቅስ አሰብኩና ተውኩት። ነጋዴ ናቸው፣ ሒሳብ ነው የጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ በፍስክ ሥጋ ያበላል። በሁዳዴ ሽሮ ነው» አልኳቸው።

«ሁዳዴማ ሁላችንም ሽሮ ነው የምንበላው!» ብለው ሳቁ።

ሲስቁልኝ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ላስተምራት ብዬ ጠየቅኳቸው። እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና አንድ ቀን ይበቃታል አሉ። ዋጋውም ባለበት እንዲቆይ ተነጋገርን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ፤ ልጅቷ የግራ እጇ አራተኛ ጣት ገና ደካማ ነው፣ በሳምንት አንዴ አይበቃትም።